ባሕሩ ዳር ሰው ነበረ

«ፎቶግራፍ አይዋሽም» ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየሆቴሉ ግድግዳ፣ በየካላንደሩና በየኤግዚቢሽኑ የነገሠውን የባሕር ፎቶግራፍ ልብ ብለው ያዩት አይመስለኝም። ውሃው ወተት መስሏል። ማዕበሉ ጉም ሆኗል። ደመናው እንደ ተባዘተ ጥጥ በሰማዩ ላይ ተስቧል። በመካከሉ አንድ ያረጀ የእንጨት ምሰሶ ወይም አንድ ጥቁር ድንጋይ ብቻውን ቆሟል። ሰው የለም። ጀልባ ቢኖር እንኳ ባለቤት የለውም። ከፎቶግራፉ ፊት የተቀመጠው ተመልካችም ቡናውን ፉት እያለ «አቤት ጸጥታ!» ይላል።

ለመሆኑ እንዲህ ጸጥ ያለ ባሕር የት አገር ነው ያለው? ባሕር ዳር የኖረ ሰው ይመስክር። ባሕር ዳር ጫጫታ ነው። መረብ የሚጠግን አለ፤ ዓሣ የሚያራግፍ አለ፤ በዋጋ የሚከራከር አለ። ልጆች ይራጫሉ፤ እናቶች ይጣራሉ። ጎህ ሳይቀድ የወጣ ባሏን የምትጠብቅ ሴት ዓይኗን አድማሱ ላይ ተክላለች። ይህ ሁሉ ሕዝብ የት ገባ? ሰምጦ ነው? አልሰመጠም። ፎቶግራፍ አንሺው በካሜራው አፍ ላይ ጥቁር መስተዋት ገጥሞ አጥቦታል።

ባለሙያዎቹ ይህን አሠራር «ሎንግ ኤክስፖዠር» ይሉታል። እኔ እዚህ «አቆይቶ ማንሣት» እለዋለሁ። ቃሉን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ማቆየት» በቋንቋችን ማዘግየትም ነው፤ ጠብቆ ማኖርም ነው። ሙግቴ የሚነሣው ከዚሁ ነው። የዛሬው የባሕር ፎቶግራፍ አንሺ ከቃሉ ማዘግየቱን ብቻ ወስዶ ማኖሩን ጥሎታል። ይህ ጥበብ ግን ሰውን ሲያኖር የኖረ ነው፤ ባሕር ዳር ሲወሰድም ሰውን እንዲያኖር ልንጠይቀው ይገባል እላለሁ። በነገራችን ላይ፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ካሜራ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳና ያንን ቀዳዳ የሚከፍት የሚዘጋ መዝጊያ አለው። በጠራራ ፀሐይ መዝጊያው ለአንድ ሰከንድ 125ኛ እጅ ያህል ቢከፈት ይበቃል። እንበልና ፎቶግራፍ አንሺው በሌንሱ ፊት ብርሃኑን ወደ አንድ ሺኛ የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር ገጠመ። ያንኑ ምስል ለማግኘት መዝጊያው አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ረዝሞ፣ ማለትም 8 ሰከንድ ገደማ፣ ተከፍቶ መቆየት አለበት። ደመና ሲመጣ 30 ሰከንድ፣ ሲመሽ ደግሞ ብዙ ደቂቃ ይሆናል። ካሜራው እንዳይነቃነቅ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይታሰራል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ያልተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይቀረጻል። የተንቀሳቀሰው ይሟሟል። ማዕበሉ ሲወጣ ሲወርድ፣ ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ በስተመጨረሻ የሁሉም ድምር ይቀራል፤ እሱም ጉም ይመስላል። በሰከንድ አንድ ሜትር የሚራመድ ሰው በ30 ሰከንድ 30 ሜትር ይሄዳል፤ በየትኛውም ቦታ በቂ ጊዜ አልቆመምና ጥላውን እንኳ ትቶ አያልፍም። ግማሹን ጊዜ ቆሞ ግማሹን የሄደ ደግሞ፣ ከጀርባው ያለው ድንጋይ በሆዱ ውስጥ እየታየ፣ መንፈስ መስሎ ይቀራል። አቆይቶ የሚያነሣ ካሜራ ለሰው ልጅ ያለው ጥያቄ እንግዲህ አንድ ብቻ ነው፦ ማን ቆመ?

ይህን ጥያቄ ካሜራ የጠየቀው ገና በተወለደ ማግሥት ነው። በ1838 ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ ቡልቫር ዱ ታምፕል የተሰኘውን ጎዳና ከፎቅ መስኮት አነሣ። ጎዳናው ሠረገላና እግረኛ የሚርመሰመስበት ነበር። ነገር ግን በብር የተለበጠው የመዳብ ሰሌዳ ምስሉን ለመቀበል በርካታ ደቂቃዎች ይፈልግ ስለነበር፣ ሠረገላው፣ ፈረሱ፣ እግረኛው ሁሉ ጠፋ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጎላ ብለው የቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጫማውን የሚያስጠርግ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ጫማ ጠራጊው። አዎን፣ ሊስትሮ! በፎቶግራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ምስላቸው የተቀረጸ ሰዎች ተብለው የሚጠቀሱት ንጉሥና ጄኔራል ሳይሆኑ አንድ ሊስትሮና ደንበኛው ናቸው።

በቴሌግራፍ ሥራው የምናውቀው ሳሙኤል ሞርስ በ1839 ፓሪስ ሳለ ይህን ምስል አይቶ፣ በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ በወጣ ደብዳቤው ነገሩን ጽፎታል። ሰውየው አንድ እግሩን ሣጥኑ ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርጎ መቆየት ግድ ስለሆነበት እግሮቹ ጥርት ብለው ወጡ፤ ከዚያ በላይ ያለው አካሉ ግን ስለተንቀሳቀሰ አልታየም ይላል። የሞርስን አስተያየት ልብ እንበለው። በሠረገላ የሚጣደፈው ጌታ ጠፋ፤ ሥራውን ይዞ ከአንድ ቦታ ያልተነሣው ሰው ቀረ። ይህን ዳጌር አስቦ አላደረገውም፤ ካሜራው ራሱ ያደረገው ነው። ፒያሳ ወይም መርካቶ ጥግ ሣጥኑን ይዞ ለሚውለው ልጅ ይህን ታሪክ የነገረው ይኖር ይሆን?

ከፓሪስ ወደ ባሕሩ ዳር እንውረድ። በስኮትላንድ፣ ከኤድንብራ ከተማ አጠገብ፣ ኒውሄቨን የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ1843 ሠዓሊው ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂልና ገና ከሃያዎቹ መጀመሪያ ያልዘለለው ሮበርት አዳምሰን በኤድንብራ ሽርክና ገቡ። የሚሠሩበት ስልት ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የፈለሰፈው ካሎታይፕ ሲሆን፣ ኔጌቲቩ ወረቀት ነው። የታልቦት የ1841 የፈጠራ መብት ስኮትላንድን ስለማይጨምር ሁለቱ ሰዎች ያለ ክፍያ ይጠቀሙበት ነበር። ይህን ካሜራ ተሸክመው ኒውሄቨን ወረዱ። ከዓሣ አጥማጆቹ፣ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ከመቶ የሚበልጡ ምስሎችን ሠሩ።

እንግዲህ የካሎታይፕ ወረቀት ብርሃን ቀስ ብሎ የሚጠጣ ነው። ፀሐይ ላይ እንኳ ከሰከንዶች እስከ ደቂቃዎች ይፈጃል። ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ሥራ አለው፤ ባሕሩ አይጠብቀውም። ታዲያ ሂልና አዳምሰን ምን አደረጉ? «ሰዎቹ ይሂዱልንና ጀልባውን እናንሣ» አላሉም። ሰዎቹን አነጋገሩ። አንዱ ጀልባውን እንዲደገፍ፣ ሌላው ግድግዳውን ተጠግቶ እንዲቆም፣ ሴቶቹ ዓሣ የሚሸከሙበትን ቅርጫት አጠገባቸው አድርገው አንዳቸው በሌላቸው ትከሻ ላይ እንዲያርፉ አመቻቹ። ሳንዲ ሊንተን የተባለ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ተደግፎ ከባዶ እግር ልጆቹ ጋር የታየበት ምስል ዛሬም ድረስ አለ። ያ መደጋገፍ ካሜራው እስኪያበቃ ሰውነት እንዳይወዛወዝ የተፈለሰፈ ዘዴ ነው። ሲያዩት ግን የመንደሩ ኑሮ ራሱ ነው፤ ባሕር የሚበላቸው ሰዎች ተደጋግፈው ነው የሚኖሩት።

በ1844 ሁለቱ ባልደረቦች የዚያን ባሕረ ሰላጤ ወንዶችና ሴቶች ዓሣ አጥማጆች ምስል በመጽሐፍ ለማውጣት ማስታወቂያ አስነግረው ነበር። መጽሐፉ እንደታሰበው ሳይወጣ ቀረ። አዳምሰንም በጥር 1848 ገና በ26 ዓመቱ ሞተ። ምስሎቹ ግን አልሞቱም። ጀርመናዊው ጸሐፊ ዋልተር ቤንያሚን በ1931 ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ በጻፈው ድርሰት፣ ዓይኗን ወደ መሬት የሰበረችውን አንዲት የኒውሄቨን ዓሣ ሻጭ ሴት አንሥቶ፣ ከአንሺው ጥበብ በላይ የሆነ፣ ዝም የማይሰኝ ነገር በውስጧ እንዳለና ስሟን ለማወቅ እንደሚያስመኝ ጽፏል። የጥንቱ ፎቶግራፍ ረጅም ጊዜ መፍጀቱም ሰውየውን በቅጽበቱ ውስጥ እንዲኖር ያደርገው ነበር ይላል። የሴትዮዋ ስም ዛሬ በሙዚየም መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል፦ ኤልሳቤጥ ጆንስተን ሆል።

ስም የተገኘው ሰው ስላለ ነው። አንባቢዬ እስቲ ያስበው፤ በዚያ መንደር ሂልና አዳምሰን የዛሬው ፋሽን ተከታዮች ቢሆኑ ኖሮ ከኒውሄቨን የሚደርሰን አንድ ጀልባና ጥቂት ጉም ነበር። ቤንያሚንም የማንን ስም ለማወቅ ይመኝ ነበር? የድንጋዩን?

የአያቶቻችንን የቆየ ፎቶግራፍ አይተው «ለምን እንዲህ ደርቀው ቆሙ?» ብለው የሚስቁ ወጣቶች አሉ። መልሱ ከኒውሄቨኑ አይለይም። ፎቶግራፍ መነሣት ትልቅ ጉዳይ ነበር። ካባው ተደርቦ፣ ነጠላው ተስተካክሎ፣ ትንፋሽ ተውጦ ይቆማል። አንሺው «እንዳትነቃነቁ!» ይላል፤ ተነሺው ይታዘዛል። በዚያች ጊዜ አንሺውና ተነሺው ውል ገብተዋል፤ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ያቆየዋል። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ቀጥ ብለው የሚያዩን ሰዎች ያ ውል የተፈጸመላቸው ናቸው።

አሁን ይህ ውል እንዴት እንደፈረሰ እንይ። በ1856 እና በ1857 ጉስታቭ ለ ግሬ የተባለ ፈረንሳዊ የባሕር ምስሎችን ሠርቶ ዝነኛ ሆነ። በዘመኑ የሰው ሁሉ ጭንቀት ማዕበልን ማቆም ነበር። ለ ግሬ በብርጭቆ ኔጌቲቭ ማዕበሉን እንደተነሣ ያዘው፤ ሰማዩና ባሕሩ በአንድ ብርሃን አልስማማ ሲሉት ደግሞ በአንዳንዶቹ ምስሎች ላይ ሁለት ኔጌቲቭ እያጋጠመ ያትም ነበር። እነሆ፣ ያኔ ማዕበል ማቆም ተአምር ነበር። ዛሬ ካሜራው በሰከንድ 4000ኛ እጅ መዝጋት ሲችል፣ እኛ ገንዘብ ከፍለን ጥቁር መስተዋት እየገዛን ካሜራውን ወደ 1840ዎቹ እንመልሰዋለን። መስተዋቱም አያስፈልግም፤ አፕል በ2017 በአይፎን ስልክ ላይ ውሃውን ወተት የሚያደርግ ምርጫ ጨምሮበታል። አውራ ጣት ይበቃል።

ወደ 1840ዎቹ መመለሱን አልጠላሁትም። የምጠላው ግማሽ መንገድ መመለሱን ነው። የጥንቶቹ መዝጊያውን ያቆዩት ግድ ሆኖባቸው ነው፤ ስለዚህ ሰውየውን ቀርበው ለመኑት፣ አስቀመጡት፣ አመሰገኑት። የዛሬዎቹ መዝጊያውን የሚያቆዩት አምሮአቸው ነው፤ ሰውየው ከፊታቸው ሲያልፍም ወይ እስኪሄድላቸው በትዕግሥት ይጠብቃሉ፣ ወይ ፊልተሩ ይጨርሰው ብለው ይተዉታል። የዘመናዊው ሰው ጉዳይ መጽዳት ሆኗል። ሰው ደግሞ እንደ ቆሻሻ ይጸዳል።

«አርት ነጻ ነው፤ ማንም እንዳሻው ያነሣል» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የጃፓኑ ሂሮሺ ሱጊሞቶ ከ1980 ጀምሮ ግማሹ ሰማይ ግማሹ ባሕር የሆነ፣ ሰውም መርከብም የሌለበት ምስል ሲሠራ ኖሯል፤ እንግሊዛዊው ማይክል ኬና ሌሊት መዝጊያውን ለሰዓታት ከፍቶ ሲያነሣ ኖሯል፤ እነሱንስ ምን ልትል ነው? እባላለሁ። ምንም አልልም። ሱጊሞቶ የሚያየው ከዳርቻው ተሻግሮ ያለውን፣ ሰው የማይቆምበትን ሰፊ ውሃ ነው። ኬና የሚያነሣው ሰው በተኛበት ሰዓት ነው። ሰው በሌለበት ሰው አለማሳየት ማጥፋት አይባልም። የእኔ ክስ በቀትር፣ በገበያው መካከል፣ ሦስት እግሩን ተክሎ ገበያውን የሌለ የሚያስመስለውን ሰው ነው። የሁለቱን ሰዎች መልክ ወስዶ ምክንያታቸውን የተወውን።

ሌላም ተከራካሪ ይመጣል። «ሰው ደብዝዞ፣ እንደ ጥላ ሆኖ መታየቱም ትርጉም አለው» ይለኛል። ይህ ጥሩ ክርክር ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ሩሲያዊው አሌክሴይ ቲታሬንኮ ሶቪየት ኅብረት በፈረሰ ማግሥት፣ በ1992፣ በሴንት ፒተርስበርግ አንድ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ላይ የሚጋፋውን ሕዝብ አቆይቶ አነሣው። ሕዝቡ ደረጃውን እንደ ጭስ ሞላው። ነገር ግን ከጭሱ ውስጥ የደረጃውን ብረት የጨበጡ እጆች ይታያሉ፤ የጨበጠ እጅ ለትንሽ ጊዜ ይቆማልና። ያ ጭስ ሰው መሆኑን ማንም አይስተውም። ኑሮው ከእግሩ ሥር የተናደበት ሕዝብ እንዲያ ሆኖ ቢታይ እውነት ነው። ስለዚህ ጠቤ ከመደብዘዝ ጋር አይደለም። የደበዘዘ ሰው አለ፤ የተወገደ ሰው የለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የማይለይ ፎቶግራፍ አንሺ መስተዋቱን ያስቀምጥ።

ሦስተኛው ተከራካሪ የአገሬ ሰው ነው። «ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ለእኛ ስለ ባሕር ፎቶግራፍ መጨነቅ የሠርግ ቤት ሳይጠሩ መሄድ አይሆንብንም ወይ?» ይላል። ወንድሜ፣ ጠረፍ የለንም እንጂ ሰው አለን። ሰዎቻችን ባሕር ዳር ናቸው።

በየካቲት 2013 አሜሪካዊው ጆን ስታንማየር በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ፣ በጨረቃ ብርሃን፣ አንድ ምስል አነሣ። ባሕሩ ዳር የቆሙ ስደተኞች ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። ከጎረቤት ሶማሊያ የሚመጣውን ርካሽ ኔትወርክ ለመያዝ ነው፤ ሩቅ ካለ ዘመድ ጋር ለመነጋገር። ጅቡቲ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከእኛው አገር ተነሥተው ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ሰዎች የሚያልፉባት ናት። ምስሉ በ2014 «ወርልድ ፕሬስ ፎቶ» የዓመቱ ምርጥ ብሎ ሸለመው። በጨረቃ ብርሃን ማንሣት ማለት በጠራራ ፀሐይ ከሚበቃው እጅግ ረዝሞ መዝጊያውን መክፈት ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች ምስሉ ላይ የቀሩት ስለቆሙ ነው፤ የቆሙት ደግሞ ሥራቸው በዚያች ሰዓት መቆም ስለነበረ ነው። እንደ ፓሪሱ ሊስትሮ።

እዚህ ላይ ስለ ገመና የሚቆረቆረውም መልሱን ያገኛል። «ስደተኛን ፊቱን ማሳየት ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ ስለዚህ ማጥፋቱ ይሻላል» የሚሉ አሉ። በስታንማየር ምስል ላይ ሰዎቹ በጨረቃው ፊት ጥላ ሆነው ነው የሚታዩት። ማንነታቸውን የሚያሳድድ ሰው የሚያገኘው ነገር የለም። ሰው መሆናቸውን ግን ሕፃን ልጅ ይለያል። ፊትን መሸፈን ይቻላል፤ ሰውየውን መሰረዝ ሌላ ነው።

ያንኑ ዳርቻ አንዱ ጉም ወዳጅ ፎቶግራፍ አንሺ ማቆሚያውን ተክሎ አምስት ደቂቃ ቢያቆየው ኖሮስ? ኔትወርክ ፍለጋ ወዲያና ወዲህ የሚሉት ሰዎች ይሟሟሉ። ጨረቃና ወተት የመሰለ ባሕር ይቀራል። «ሌሊት በጅቡቲ» ተብሎ ሆቴል ውስጥ ይሰቀላል። ከዚያው አገር፣ ከኦቦክ ዳርቻ፣ ልጆቻችን በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ መሻገሪያው ባብ ኤል መንደብ ይባላል፤ በዓረብኛ የልቅሶ በር ማለት ነው። በሚያዝያ 2024 ብቻ፣ ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በዚያ ዳርቻ ተገልብጠው ብዙዎች አልቀዋል። ያ ባሕር ለእኔና ለእናንተ ባዶ ሊሆን ይችላል? በዚያ ውሃ ላይ የተዘረጋውን ጉም አይቶ «አቤት ጸጥታ!» ለማለት ከእኛ መካከል ማን ልብ አለው?

ወደ አገር ቤት እንመለስ። እኛ ሐይቁንም ባሕር እንላለን፤ በጣና ዳር ያለችው ከተማ ስሟ ባሕር ዳር ነው። ይኸው ፋሽን እኛም ሐይቆች ዘንድ ደርሷል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጠዋት የሄደ ሰው የሚያየው ምንድን ነው? መረብ የሚያራግፉ ወጣቶች፣ ዓሣ የሚገፉና የሚበልቱ እጆች፣ ትርፍራፊ የሚጠብቁ አባ ኮዳዎች፣ ገዥና ሻጭ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጀልባውንና ጉሙን ብቻ ለቅሞ መውጣት ምን ዓይነት ዓይን ነው? በጣና ላይ ታንኳ ያለ ቀዛፊው ምንድን ነው? የደረቀ ደንገል ነው።

ጉዳዩ የውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቀለም ባላባከንሁ። ምስል ያስተምራል። ዳርቻውን ዓመት ከዓመት ባዶ አድርገን ያየን ሰዎች ዳርቻው ባዶ ነው ብለን ማመን እንጀምራለን። ባዶ ነው የተባለ ቦታ ደግሞ ለመውሰድ ይቀላል፤ «እዚያ ማን ነበረና?» ይባላል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል ያገሬ ሰው። ዓሣ አጥማጁን ከዳርቻው የሚያስነሣው ሰው ምናልባት ገና አልመጣ ይሆናል፤ በፎቶግራፍ ግን ቀድመን አስነሥተነዋል።

እንግዲያው ምን ይደረግ? መተቸት ቀላል ነው፤ የሚሠራ ነገር ልናገር።

አንደኛ፣ ሰውየውን አናግሩት። ስሙን ጠይቁት፤ ምን እንደምታደርጉ ንገሩት፤ «ለአንድ ሰከንድ ያህል እንዳትነቃነቅ» በሉት። ግማሽ ሰከንድ ወይም አንድ ሰከንድ ለማዕበል ብዙ ነው፤ ውሃው እየተጎተተ መስመር ይሠራል፤ እንቅስቃሴው ይታያል። ለሰው ግን አንድ ሰከንድ የሚቻል ነው። እግሩን ከፈት አድርጎ ይቁም፤ ጀልባውን ወይም መቅዘፊያውን ይደገፍ። የኒውሄቨን ሰዎች ከዚህ የሚበልጥ ችለዋል። ውሃው ሲሄድ ሰውየው ይቀራል። ከዚህ የተሻለ የባሕር ዳር ምስል ምን አለ?

ሁለተኛ፣ ጊዜውን ማርዘም የፈለገ ፍላሽ ይጠቀም። ሲመሽ መዝጊያው ጥቂት ሰከንድ ይከፈት፤ በመካከሉ ወይም በመጨረሻው ላይ ፍላሹ አንዴ ብልጭ ይበል። ባሕሩና ሰማዩ ቀስ ብለው ይገባሉ፤ ሰውየው በብልጭታው ቁልጭ ይላል። ይህ ለማንም ባለሙያ አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆነው ሰው ለማስቀረት ቢውል ነው።

ሦስተኛ፣ የሚሠራን ሰው በሥራው ላይ አንሡት። መረብ የሚጠግን ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ሰውነቱ አይነቃነቅም፤ እጁ ብቻ ይሮጣል። ሁለት ሰከንድ አቆዩት። ፊቱ ይወጣል፤ እጁ ይደበዝዛል። ያ የደበዘዘው ነገር ሥራው ነው። በሰከንድ 4000ኛ የሚዘጋ ካሜራ ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ ጣቶቹን በየቦታቸው አድርቆ ያቆማቸዋል እንጂ። አቆይቶ ማንሣት ከሌላው ዘዴ በልጦ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ የሚያውሉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

አራተኛው ለገዥውና ለሰቃዩ ነው። የሆቴል ባለቤት፣ የካላንደር አሳታሚ፣ ኤግዚቢሽን አዘጋጅ ሁሉ ይስማ። ቀጣዩን የጉም ምስል ይዞ ለሚመጣው ፎቶግራፍ አንሺ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርብለት፦ «ይህን ስታነሣ ከፊትህ ማን ነበር?» «ማንም» ካለ፣ እውነትም ማንም ካልነበረ፣ ይግዛው። «ጥቂት ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ግን ጠፉልኝ» ካለ ግን ምስሉን መልሶ ይስጠውና ሰዎቹን ይዞ እንዲመጣ ይንገረው። ፊልተሩ 10 ደረጃም ሆነ 6 ግድ የለም፤ ሰዎቹ እዚያው ናቸው። ነገም ጠዋት ጀልባቸውን ሊያወጡ ይመጣሉ፤ ከተጠየቁም አንድ ሰከንድ ይቆማሉ።